ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? ፒክአፕ ከመግዛታችን በፊት የምንሠራው ሒሳብ



በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለችው ቡሹሎ የሚኖር ነጋዴ ፒክአፕ ሊገዛ ነው እንበል። ምክር ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ፒክአፕ ከሆነማ ናፍጣ ነው»። ለምን ብሎ ቢጠይቅ፣ «ናፍጣ ጉልበት አለው፣ ነዳጅም ይቆጥባል» ይሉታል። ሁለቱም አባባል እውነትነት አለው። ነገር ግን ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። ለአንዱ ነጋዴ ትርፍ የሆነው ሞተር ለጎረቤቱ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ የሚነዱት መንገድና የሚጭኑት ጭነት አንድ አይደለምና።

ፒክአፕ ለአብዛኞቻችን የቤተሰብ ጥሪት የሚፈስበት፣ አንዳንዴም የወንድማማች ሽርክና የተቋቋመበት ትልቅ ግዢ ነው። ስለዚህ በስም ወይም በወሬ ሳይሆን በሒሳብ ሊወሰን ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ሞተሮች በምን እንደሚለያዩ፣ የሐዋሳና የሲዳማ መንገድ በሞተር ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ወጪው እንዴት እንደሚሰላና በሙራበሐ የሚገዛ ሰው ምን ማየት እንዳለበት በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሁለቱ ሞተሮች በምን ይለያያሉ?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ቤንዚን አብረው ይታመቃሉ፤ ከዚያ ካንዴላ በሚሰጠው ብልጭታ ይቀጣጠላሉ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ ብቻውን በኃይል ይታመቃል፣ ሲታመቅም በጣም ይግላል፤ ኢንጀክተሩ ናፍጣውን ሲረጭበት በዚያው ሙቀት ይቀጣጠላል። የቤንዚን ሞተር አየሩን 10 እጥፍ ገደማ ሲያምቅ፣ የናፍጣው ከ15 እስከ 18 እጥፍ ያምቃል።

ከዚህ አንድ ልዩነት ሌሎቹ ሁሉ ይከተላሉ። ያን ግፊት የሚችል ሞተር ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ መሠራት ስላለበት የናፍጣ መኪና ዋጋው ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ከፍተኛው እመቃ ከነዳጁ የሚገኘውን ኃይል በተሻለ ሁኔታ ለመጠቀም ያስችላል። አንድ ሊትር ናፍጣም በራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይዟል። ሁለቱ ሲደመሩ የናፍጣ ፒክአፕ ለተመሳሳይ መንገድ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ነዳጅ ሊፈጅ ይችላል።

ጉልበትን በተመለከተ በመንገዶቻችን ላይ በብዛት የምናየውን ቶዮታ ሃይሉክስ እንውሰድ። ባለ 2.7 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር ከፍተኛ የማዞር ኃይሉ 245 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ይህን የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው። ባለ 2.4 ሊትሩ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ግን እስከ 400 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ያውም ገና ከ1,600 እስከ 2,000 ዙር ባለው ጊዜ። በቀላል አነጋገር፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የናፍጣው ሞተር ሳይጮህ ይጎትታል፤ የቤንዚኑ ግን ማርሽ ቀንሶ፣ ዙር ጨምሮ፣ ነዳጅም በዚያው ልክ ጨምሮ ነው የሚወጣው።

ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ መኪና ይህ ልዩነት ብዙም አይታይም። አንድ ቶን ለሚጭን መኪና ግን የሥራው ዋና ጉዳይ ነው።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

ብዙ ገዢዎች የማያስቡት ሌላው ነገር የአገራችን ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚቀንስ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ፒክአፕ እዚሁ ሐይቁ ዳር ቆሞ እንኳን በወረቀት ላይ ከተጻፈው ጉልበት ከ15 በመቶ በላይ ጎድሎበታል።

ከሐዋሳ ተነስቶ ወደ ሐገረ ሰላም የሚወጣ ነጋዴ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። እዚያ ላይ የሞተሩ ጉድለት ከሩብ በላይ ይሆናል። ያ 245 ኒውተን ሜትር የነበረው የቤንዚን ሞተር 180 ገደማ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው፤ ያውም ከባዱ ዳገት ባለበት ቦታ።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ራሱ ገፍቶ ስለሚያስገባ ከፍታውን በአብዛኛው ይቋቋማል። ዛሬ የሚመረቱት አብዛኞቹ የናፍጣ ፒክአፖች ቱርቦ አላቸው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ጥቅሙ የመጣው ከቱርቦው ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ ሞተር በከፍታ እንደ ቤንዚኑ ይደክማል፤ በዳገት ጥቁር ጭስ የሚያወጣበት አንዱ ምክንያትም አየር ስለሚያጥረው ነው። ስለዚህ «ናፍጣ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ቱርቦ አለው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

የማደያው ዋጋ ምን ያስተምረናል?

በአንዳንድ አገሮች ናፍጣ ከቤንዚን በብዙ ስለሚረክስ ምርጫው ቀላል ነው። በእኛ አገር ግን ልዩነቱ ጥቂት ሆኖ ቆይቷል፤ አንዳንዴም ተገልብጧል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲሆን ነጭ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። ያኔ ናፍጣ ነበር የሚወደደው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ በወጣው ተመን ደግሞ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነ። ዋጋው በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ሲያድግ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን በሁለቱም ጊዜ ከሦስት በመቶ አልበለጠም።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። የናፍጣ ቁጠባ የሚመጣው ሞተሩ በሊትር ከሚቆጥበው ነው፤ ማደያው ላይ ካለው ዋጋ አይደለም። ስለዚህ ናፍጣን የሚያዋጣው የምንነዳው ኪሎ ሜትር ብዛት ነው። ብዙ ካልተነዳ ቁጠባውም የለም።

ሒሳቡን እንሥራ

ሁለት ሰዎችን በምሳሌ እናስብ። የመጀመሪያው ጠዋት ጠዋት አሳ ከቡሹሎ ወደ ከተማው ገበያ የሚያደርስ፣ ሲመለስ ለሱቁ ዕቃ የሚጭን ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 12,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ሁለተኛው ይህንኑ የከተማ ሥራ እየሠራ በየሳምንቱ ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። መንገዱ በአንድ ጉዞ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓመት ከ28,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከከተማው ሥራ ጋር 40,000 ገደማ ደረሰ።

አሁን ለሒሳብ እንዲመች የሁለቱንም ነዳጅ ዋጋ በሊትር 100 ብር እናድርገው። የቤንዚኑ ፒክአፕ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር፣ የናፍጣው 9 ሊትር ይፍጅ። ልዩነቱ በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር፣ ማለትም 300 ብር ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር 3 ብር ማለት ነው። የናፍጣው መኪና ከቤንዚኑ 400,000 ብር ይበልጣል ብለን እንያዝ። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እናንተ ሻጩ የነገራችሁን ዋጋና የዛሬውን የማደያ ተመን ተኩባቸው።

400,000ን ለ3 ስናካፍል 133,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። የናፍጣው መኪና የዋጋ ጭማሪውን የሚመልሰው ይህን ያህል ከተነዳ በኋላ ነው። በዓመት 40,000 ለሚነዳው ነጋዴ ይህ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንጹሕ ቁጠባ ይሆናል። በዓመት 12,000 ለሚነዳው ግን 11 ዓመት ይፈጃል።

የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል። ሊትሩ 130 ብር ቢሆን በኪሎ ሜትር የሚቆጠበው 3 ብር ከ90 ሳንቲም ይሆንና ነጥቡ ወደ 103,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። እንደዚያም ሆኖ ለአሳ ነጋዴው ስምንት ዓመት ተኩል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መጨመር አለባቸው። የናፍጣ ሞተር ጥገና ይወደዳል፤ ይህ ነጥቡን ያርቀዋል። በአንጻሩ በአገራችን ገበያ ያገለገለ ፒክአፕ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ናፍጣ ስለሚጠይቅ፣ መኪናው ሲሸጥ ከጭማሪው ዋጋ የተወሰነው ተመልሶ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ነጥቡን ያቀርበዋል። ሁለቱንም በአካባቢያችሁ ካለ ጋራዥና ከመኪና ደላላ ጠይቃችሁ በሒሳቡ ውስጥ አስገቡ።

በሙራበሐ ለሚገዛ

ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በአገራችን ከተስፋፋ ወዲህ መኪና በሙራበሐ መግዛት ለብዙ ሙስሊም ነጋዴዎች የተከፈተ በር ሆኗል። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑት ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል፤ እንደ ንግድ ባንክ ያሉ መደበኛ ባንኮችም አገልግሎቱን በልዩ መስኮት ይሰጣሉ። በሙራበሐ ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ ባለቤት ከሆነ በኋላ፣ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ ገልጾ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጥለታል። የሽያጭ ዋጋው ውል ላይ አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም።

ለሞተር ምርጫችን ወሳኙ ነገር ይህ ነው፦ ባንኩ በዋጋው ላይ ትርፍ ስለሚጨምር፣ የናፍጣው መኪና የ400,000 ብር ጭማሪ በባንክ በኩል ሲመጣ ከ400,000 ይበልጣል። በተጨማሪም ክፍያው ከመጀመሪያው ወር ይጀምራል፣ ቁጠባው ግን በጠብታ ነው የሚመጣው።

ቅድሚያ ክፍያውንና የባንኩን ትርፍ ለጊዜው ትተን 400,000 ብሩን በአራት ዓመት ብንከፍለው፣ በወር ከ8,300 ብር በላይ ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳው የአሳ ነጋዴ ከናፍጣው የሚቆጥበው በወር 3,000 ብር ብቻ ነው። የቀረውን ከ5,000 ብር በላይ በየወሩ ከኪሱ ያወጣል። በወር ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳው ሁለተኛው ነጋዴ ግን 10,000 ብር ገደማ ስለሚቆጥብ የወር ክፍያውን ጭማሪ ከሞላ ጎደል መኪናው ራሱ ይሸፍንለታል።

ስለዚህ ባንክ ከመሄዳችን በፊት ከሻጩ ለሁለቱም ሞተር የዋጋ ማቅረቢያ እንውሰድ። ባንኩም የሁለቱን ወርኃዊ ክፍያ ለየብቻ እንዲያሰላልን እንጠይቅ። መኪናው በሽርክና የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ይህ ወረቀት ከሸሪኮቹ ፊት መቀመጥ አለበት። በኋላ «አንተ ነህ ናፍጣ ያልከው» የሚል ቅሬታ እንዳይመጣ ይጠብቃልና።

የናፍጣ ሞተር ምን ይጎዳዋል?

የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል። የኢንጀክተሩ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጥቂት ውሃ ወይም አቧራ ከናፍጣው ጋር ቢገባ ኢንጀክተሩንና ፓምፑን ይበላቸዋል። ናፍጣ ከኬሮሲን ጋር ተቀላቅሎ ከተሸጠም ፓምፑን የሚያለሰልሰው ቅባትነት ይቀንሳል። የድሮዎቹ ሞተሮች ይህን በተሻለ ይችሉት ነበር፤ አዲሶቹ አይችሉም። አራት ኢንጀክተር መለወጥ ደግሞ እንደ ካንዴላ መለወጥ አይደለም፤ የወራት ትርፍ ሊወስድ ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው፦

• ናፍጣ ሁልጊዜ ከማደያ ቅዱ፤ በጀሪካን ቆይቶ የተሸጠ አትግዙ። በጀሪካን መነገድ በሕግም የተከለከለ ነው።
• የነዳጅ ፊልትሮውን በጊዜው ለውጡ፤ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውሃ አስወጡ። በዳሽቦርድ ላይ የውሃ ምልክት ከበራ ቀጥላችሁ አትንዱ።
• ከረጅም ዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ቱርቦው ይቀዝቅዝ።
• በስህተት ቤንዚን ከተቀዳበት ቁልፉን ሳታዞሩ ታንከሩን አስጠርጉ።
• ጠዋት መኪናውን ከሰው ደጅ ሥር አስነስታችሁ ለረጅም ጊዜ አታቁሙ። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል፤ ይህ የጎረቤት ሐቅ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከአውሮፓ ደረጃ ጋር ተስማምተው የተሠሩ አንዳንድ አዳዲስ ናፍጣ መኪኖች በጭስ ማውጫቸው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። ይህ ማጣሪያ የሰበሰበውን ጥላሸት የሚያቃጥለው መኪናው ለተወሰነ ጊዜ ሳይቆም ሞቆ ሲነዳ ነው፤ የሰልፈር መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣም ይፈልጋል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ማጣሪያው ይደፈናል። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «የጥላሸት ማጣሪያ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለው፣ ለአጭር የከተማ ሥራ አይመከርም።

የትኛው ነዳጅ ይገኛል?

መኪና ቆሞ አይሠራም፤ ስለዚህ የአካባቢያችንን የማደያ ሰልፍም እናስብ። ቤንዚን የሚፈልጉት ባጃጆች፣ ሞተር ብስክሌቶችና የቤት አውቶሞቢሎች ናቸው። ናፍጣ የሚፈልጉት ደግሞ የጭነት መኪናዎች፣ አውቶቡሶች፣ ትራክተሮችና ጄኔሬተሮች ናቸው። በእርሻና በመከር ወቅት የናፍጣ ፍላጎት ይጨምራል፤ ባጃጅ በበዛበት ከተማ የቤንዚን ሰልፍ ይረዝማል። በምትኖሩበትና በምትመላለሱበት መንገድ ባሉ ማደያዎች የትኛው ቶሎ እንደሚያልቅ ሹፌሮችን ጠይቁ። ከሰልፍ ላይ የሚባክን ግማሽ ቀን ትኩስ አሳ ለሚጭን ሰው ከነዳጁ ዋጋ በላይ ነው።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳውቋል። ስለዚህ «በመንገድ ላይ ነው፣ ሊደርስ ነው» ለተባለ መኪና ቀብድ አትስጡ። መኪናው አገር ውስጥ መሆኑን፣ የጉምሩክ ሰነዱን እና ሊብሬ ሊወጣለት እንደሚችል በዓይናችሁ አይታችሁ ብቻ ክፈሉ። ባንኩ የሚገዛላችሁ ከሆነም ይህን ሰነድ አብራችሁ ተመልከቱ።

ሥራችሁ በከተማው ውስጥ ብቻ ከሆነና በቤታችሁ አስተማማኝ መብራት ካለ፣ የኤሌክትሪክ ፒክአፕንም ከሁለቱ ጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። ጭነት ይዞ ለሚሄድ የረጅም መንገድ ሥራ ግን ሻጩ በነገራችሁ የባትሪ ርቀት ላይ አትተማመኑ፤ ጭነትና ዳገት ርቀቱን ይቀንሱታልና።

እንግዲህ የትኛው?

በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ሥራው ከቡሹሎ እስከ ገበያና ሱቅ የሆነ፣ ጭነቱም ቀላል የሆነ ሰው ቤንዚን ይበቃዋል። የተረፈውን ብር ለንግዱ ማንቀሳቀሻ ቢያውለው ይሻለዋል። በዓመት ከ30,000 በላይ የሚነዳ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ሐገረ ሰላም የሚወጣ ወይም አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ይግዛ፤ ጥገናውንም አይለግም። በመካከል ያለ ሰው ጭነቱንና ዳገቱን ይመዝን፤ ብዙ የሚጭን ከሆነ ወደ ናፍጣ፣ ብዙ ጊዜ ባዶውን የሚሄድ ከሆነ ወደ ቤንዚን ያዘንብል።

ገና ያልወሰናችሁ ካላችሁ፣ ለሁለት ሳምንት አንድ ደብተር ያዙ። አሁን በኪራይ የምታሠሩት መኪና በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ምን ያህል እንደጫነና የት እንደደረሰ ጻፉ። የሁለት ሳምንቱን ድምር በ25 አባዙት፤ የበዓልና የዕረፍት ቀን ተቀንሶ የዓመታችሁ መንገድ እርሱ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ሒሳብ በራሳችሁ ቁጥር ሥሩ፤ መልሱን ከማንም ወሬ ይልቅ ደብተራችሁ ይነግራችኋል።

አላህ በሪዝቃችሁ በረካ ያድርግላችሁ።